መውሊድ ከካላንደር ይውጣ ለምትሉ ወንድሞቼ



ጽሑፉ ረዘም ይላል። ግማሹን አንብባችሁ ኮሜንት ከምትጽፉ ሙሉውን አንብባችሁ ብትቆጡኝ እመርጣለሁ።

ነገሩ የጀመረው ካቺሲ ውስጥ፣ በመውሊድ ቀን፣ ሱቅ ደጃፍ ላይ ነው። ቀደም ሲል መድረሳ ያስቀራሁት አንድ ወጣት የአባቱን ሱቅ ከፍቶ ቆሟል። እኔም ከዙህር በፊት ትንሽ ላወራው ብዬ አጠገቡ ቁጭ ብያለሁ። አንዲት ክርስቲያን ጎረቤታችን ስኳር ሊገዙ መጡ። «ባንክ ሄጄ ዝግ ሆኖ ተመለስኩ። የሙስሊሞች በዓል ነው አሉኝ። እንኳን አደረሳችሁ ልጄ! ለመሆኑ ዛሬ ምን በዓል ነው?» አሉት። ልጁ ከስልኩ ቀና ሳይል «ቢድዓ ነው እትዬ» አላቸው። እሳቸውም የበዓሉ ስም መስሏቸው «እሺ፣ መልካም ቢድዓ ይሁንላችሁ!» ብለው ስኳራቸውን ይዘው ሄዱ።

እኔም ልጁም ሳቅን። ማታ ግን ሳቁ ጠፋብኝ። ያው ልጅ በቴሌግራም አንድ መልእክት ላከልኝ። «መውሊድ በዲናችን መሠረት የለውም፤ ስለዚህ ከሕዝብ በዓላት ዝርዝር እንዲወጣ እንጠይቅ» ይላል። ከሥሩ ብዙ አውራ ጣት ተደርድሯል። «ኡስታዝ፣ አንተስ?» ብሎ ጠየቀኝ። መልሴ ይኸው። ለእሱ ብቻ አይደለም፤ አውራ ጣታችሁን ላስቀመጣችሁ ሁሉ ነው።

በቅድሚያ ራሴን ልግለጽ። እኔ መውሊድ ከሚቀራበት መድረሳ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ አልደብቅም። አብረውኝ ከሚሰግዱት ወንድሞች ግማሾቹ መውሊድን አያከብሩም፤ ከእነሱም ጋር ትከሻ ለትከሻ ገጥሜ እሰግዳለሁ። ዛሬ የምጽፈው መውሊድ ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም በሚለው ላይ አይደለም። የምጽፈው ያ ቀን ካላንደር ላይ እንዴት እንደገባና እሱን መልሰን የማስረከብ መብት እንዳለን ወይም እንደሌለን ነው።

በነጻ የመጣ ቀን የለም

ኢስላም ወደዚህች አገር የገባው ነጃሺ የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሰሃቦች በተቀበለበት ዘመን ነው። ከ1,400 ዓመት በላይ ሆኖታል። የኛ በዓል በመንግሥት ካላንደር ላይ ከሰፈረ ግን ገና ሃምሳ ዓመት አካባቢ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት አስቡት።

በንጉሡ ዘመን «ሀገር የጋራ ነው፣ ሃይማኖት የግል ነው» ይባል ነበር። አባባሉ ያምራል። ነገር ግን የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 126 የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን መሆኗንና በመንግሥት እንደምትደገፍ ይደነግግ ነበር። የኛ አያቶች ደግሞ የሚጠሩት «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» ተብለው ነው። ልብ በሉ፤ «የሚኖሩ» ነው የሚለው። ተከራይም ይኖራል፤ እንግዳም ይኖራል። የቃዲ ፍርድ ቤት ነበራቸው፤ ስለ እሱ በ1936 ዓ.ም. አዋጅ ወጥቷል። ጋብቻቸውንና ውርሳቸውን እዚያ ይጨርሱ ነበር። በዓላቸው ግን በመንግሥት ዘንድ በዓል አልነበረም። በኢድ ቀን ነጋዴው የራሱን ሱቅ መዝጋት ይችላል። ተማሪው፣ ወታደሩና የመሥሪያ ቤት ጸሐፊው ግን ለአለቃቸው ያ ቀን ተራ የሥራ ቀን ነበር።

ይህን የቀየረው ማን ነው? ወጣቶችን ስጠይቅ የምሰማው መልስ ሁለት ነው። አንዱ «እኔ እንጃ» ነው። ሌላው «ደርግ ነው የሰጠን» ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የባሰ ነው፤ ምክንያቱም እውነት ይመስላል።

ቀኖቹን እንቁጠር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ዕለት፣ ሙስሊሞች አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ወጡ። ቁጥራቸው ወደ መቶ ሺህ እንደሚደርስ ይገመታል። ተማሪዎችና የሙስሊሙ ብሶት የገባቸው ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ነበሩ። ለጠቅላይ ሚኒስትር እንዳልካቸው መኮንን መንግሥት 13 ጥያቄዎች ቀረቡ። ሃይማኖትና መንግሥት ይለያዩ፤ የሙስሊም በዓላት እንደ ሌሎቹ ብሔራዊ በዓል ሆነው ይከበሩ፤ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» ተብለን እንጠራ፤ የራሳችን የሃይማኖት ምክር ቤት ይኑረን የሚሉት ከእነዚህ ውስጥ ናቸው።

ደርግ የተቋቋመው ሰኔ 21 ቀን 1966 ነው። ንጉሡ ከዙፋን የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967 ነው። እንግዲህ አባቶቻችን አደባባይ ሲወጡ ደርግ የሚባል ነገር አልነበረም። ንጉሡ ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ። አንድ ሰው ከዙፋን ፊት ቆሞ «እኔም ዜጋ ነኝ» ሲል ምን ሊደርስበት እንደሚችል አያውቅም። ያን ሳያውቁ ነው የወጡት። ደርግ ሲመጣ ጥያቄውን ተዘጋጅቶ አገኘው። በ1967 ዓ.ም. ሁለቱን ኢዶችና መውሊድን የሕዝብ በዓል አድርጎ አወጀ፤ የበዓላት አዋጅ ቁጥር 28/1967ም የወጣው በዚያው ዓመት ነው። ደርግ ዲን ወዶ አይደለም፤ የእሱ መጽሐፍ ሌላ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። በሩ ላይ የቆመውን ሕዝብ ቁጥር ስላየ ነው። ስለዚህ «ደርግ ሰጠን» የሚል ሰው የላኪውን ስም ትቶ ፖስተኛውን የሚያመሰግን ሰው ነው።

ሌላም ነገር አስተውሉ። በንጉሡ ጊዜ ሐምሌ 16 የልደታቸው፣ ጥቅምት 23 ደግሞ የዘውድ በዓላቸው ተብሎ አገሩ ሁሉ ይከበር ነበር። ዛሬ የት አሉ? በደርግ ጊዜ መስከረም 2 የአብዮት በዓል ነበር፤ ሰልፉ ያስፈራ ነበር ይላሉ አባቶች። የት አለ? ቀጥሎ ግንቦት 20 መጣ። እሱን እኔም በተማሪነቴ አክብሬዋለሁ። የት አለ? የባለሥልጣን በዓል ከባለሥልጣኑ ጋር ይቀበራል። ዒድና መውሊድ ግን ሦስት ሥርዓት አሳልፈው እዚህ አሉ። ለምን? ባለቤታቸው ሕዝብ ስለሆነ።

«ዒድ ሁለት ብቻ ነው»

አሁን ወደ ዋናው ክርክራችሁ ልምጣ። «በሸሪዓ ዒድ ሁለት ብቻ ነው» ትላላችሁ። ትክክል ናችሁ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ ሰዎቹ የሚጫወቱባቸው ሁለት ቀኖች ነበሯቸው፤ አላህ በእነሱ ምትክ የተሻሉትን ዒደል ፊጥርንና ዒደል አድሃን እንደሰጣቸው ነግረዋቸዋል። ሐዲሱን አቡ ዳውድ ከአነስ (ረ.ዐ) ዘግበውታል። ሦስተኛ ዒድ አለ የሚል ዓሊም እኔ አላውቅም። መውሊድን የሚያከብሩትም ቢሆኑ የዒድ ሰላት አይሰግዱበትም።

በመውሊድ ላይ ያለው ክርክር ግን እናንተ የቴሌግራም ግሩፕ ከመክፈታችሁ ብዙ መቶ ዓመት በፊት የተጀመረ ነው። የኢርቢል ገዢ የነበረው ሙዘፈር በታላቅ ድግስ ሲያከብረው ኢብን ዲህያ በ604 ዓመተ ሂጅራ ስለ መውሊድ ኪታብ ጽፎ አበረከተለት። ከዚያ በኋላ የማሊኪው ዓሊም ታጁዲን አል ፋኪሃኒ «መሠረት የለውም» ብለው ጻፉ። ኢማም ሱዩጢ ደግሞ ለእሳቸው መልስ ጽፈው ድርጊቱን ደገፉ። አንዱ ወገን ነቢዩ ሰኞን ስለ መጾም ሲጠየቁ የተወለድኩበት ቀን ነው ማለታቸውን ያነሳል። ሌላው ወገን «ታዲያ ጾሙ እንጂ ድግሱ የት አለ?» ይላል። ወደኛ አገር ስንመጣ ደግሞ ወሎ ላይ በጀማ ንጉሥ ሼህ ሙሐመድ ሻፊ ያስጀመሩት መውሊድ እስከ ዛሬ ሰው ይሰበሰብበታል። የመንዙማችን ሀብት ትልቁ ክፍል ያደገው እንዲህ ባሉ ቦታዎች ነው።

ሁለቱም ወገን ዑለማዎች አሉት። ሁለቱም ኪታብ አላቸው። እኔ ኪታቦቹን ቀርቼ የደረስኩበት አለኝ፤ ያንን በመስጂድ፣ በደርስ ላይ፣ ለሚጠይቀኝ እናገራለሁ። መንግሥት ግን ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጥ አልጠራውም።

ዝግ ቢሮ ሙፍቲ አይደለም

ስህተታችሁ እዚህ ጋ ነው። የሕዝብ በዓል የሃይማኖት ብይን አይደለም። መንግሥት በገና ቀን ቢሮ ሲዘጋ አንተ ክርስቲያን ሆነሃል? በስቅለት ቀን ቤትህ ስትውል እምነትህ ተነካ? ሕጉ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ይህን ቀን የሚያከብሩ ዜጎች አሉ፤ ስለዚህ አሠሪያቸው አያስገድዳቸው፤ ትምህርት ቤታቸው ቀሪ አይጻፍባቸው።» ከዚህ ያለፈ አንዲት ቃል የለውም። አክብር አይልህም። ድቤ ምታ አይልህም። ቤትህ ቁጭ ብለህ ሲራ ብትቀራ፣ እርሻህን ብታርስ፣ ሱቅህን ብትከፍት ማንም አይጠይቅህም።

ዓለሙንም እዩ። ግብፅ፣ ሞሮኮና ኢንዶኔዥያ መውሊድን በሕዝብ በዓልነት ይዘውታል። ክርስቲያንና ሙስሊም አብሮ በሚኖርባቸው ናይጄሪያና ታንዛኒያም እንዲሁ። ሳዑዲ አረቢያና ኳታር አልያዙትም። በግብፅ ውስጥ መውሊድን የማያከብር ሙስሊም የለም? ሞልቷል። ካላንደሩን ግን የጠላቱ ማስታወቂያ አድርጎ አያየውም።

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ፤ በሐቅ መልሱልኝ። በ2004 ዓ.ም. ከአወሊያ ተነስቶ አገር ያዳረሰው «ድምፃችን ይሰማ» ምን ነበር የሚለው? መንግሥት በሃይማኖታችን ጣልቃ አይግባ፣ የትኛውን አስተሳሰብ እንደምንከተል አይምረጥልን ነበር የሚለው። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 11 እና አንቀጽ 27 በቃላችን የያዝነው ያኔ ነው። ሰው ታስሮበታል፤ ሰው ተገርፎበታል። ዛሬ እናንተ፣ ያንን ትግል የምታወድሱት እናንተ፣ ለዚያው መንግሥት «የትኛው በዓል ቢድዓ እንደሆነ ወስንና ሰርዝልን» ብላችሁ ልትጽፉ ነው። ዛሬ በፊርማችሁ መውሊድን የሰረዘ ሹም ነገ በሌላ ሰው ፊርማ የእናንተን ደርስ ቢዘጋ በየትኛው አፋችሁ «አንቀጽ 11» ትላላችሁ?

መብት ሲመጣ በኤሊ ጉዞ ነው፤ ሲሄድ በፈረስ ነው። መጅሊሳችን የተቋቋመው በ1968 ነው። በአዋጅ የሕግ ሰውነት ያገኘው ግን በ2012፣ በአዋጅ ቁጥር 1207 ነው። አርባ አራት ዓመት! ከካላንደር የወጣን ቀን ለመመለስ ስንት ዓመት የሚፈጅ ይመስላችኋል?

የካቺሲ ሰው ጥያቄ

መርካቶ የምትኖር ወንድሜ፣ አንተ ካላንደር ላያስፈልግህ ይችላል። በዒድ ቀን ሰፈርህ ራሱ ይነግርሃል። ተክቢራው ከየአቅጣጫው ይሰማል፣ ስታዲየሙ ሞልቶ መንገዱ ሁሉ ምንጣፍ ይሆናል። እኛ ግን በጊንደበረት፣ በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪ፣ በጌዶ ጥቂት ነን። ከኛ ወገን አንድ ልጅ ብቻ ያለበት ክፍል አለ። አንዲት ሂጃብ የለበሰች እህት ብቻዋን የምትሠራበት ቢሮ አለ። ያቺ እህት ለዒድ ሰላት ለመውጣት አለቃዋን መለመን አይጠበቅባትም፤ ካላንደሩ ለምኖላታል። ያ ልጅ «ለምን ቀረህ?» ተብሎ ሃይማኖቱን ከክፍል ፊት አያስረዳም፤ ካላንደሩ አስረድቶለታል።

ይህም ሆኖ ሁልጊዜ አይሳካም። ጨረቃ በእኛ ቁጥጥር ስር አይደለችም፤ የሂጅራው ዓመት ከፀሐዩ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር በዓላችን በየወቅቱ ይዞራል። አንድ ዓመት፣ ትምህርት ቤቱን አልጠራም፣ ፈተና በዒድ ቀን ተመድቦ የአንድ ጎረቤቴ ልጅ እያለቀሰ መጣ። አባቱን ይዤ ሄድኩ። ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ዘንግተውት ነው። ግድግዳቸው ላይ የተሰቀለውን ካላንደር አሳየናቸው፤ ቀኑ ቀይ ነው። ፈተናው በማግስቱ ሆነ። ያ ካላንደር ባይኖር ምን ብለን እንከራከር ነበር? ሐዲስ ልንጠቅስላቸው ነው? እሳቸውን የሚይዛቸው አዋጅ እንጂ ሐዲስ አይደለም።

«ያ ዒድ ነው፤ መውሊድ ሌላ ነው» ትሉኝ ይሆናል። ለእናንተ ሌላ ነው። በሩቅ ለሚያየን ሰው ግን «ሙስሊሞቹ ራሳቸው ይቅርብን አሉ» የሚል ዜና ነው የሚደርሰው። ዛሬ አንዱን በፈቃዳችን ስናወጣ «የእናንተ በዓል ለኢኮኖሚው ይበዛል» ለሚል ሰው በር እንከፍትለታለን። የጎረቤታችን ልጅ በሌላ አገር ምን እየደረሰበት እንደሆነ ጠይቁ። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ለዒድ የሚወጡት ከዓመት ፈቃዳቸው ቆርጠው ነው። የኒውዮርክ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች በዒድ መዘጋት የጀመሩት ከብዙ ውትወታ በኋላ፣ በፈረንጆቹ 2015 ነው። ሰው በሰው አገር ለማግኘት የሚታገልለትን እኛ በገዛ አገራችን ልንመልስ?

ለሌላኛው ወገንም አለኝ

መውሊድ የምታከብሩ ወንድሞቼ «አበጀህ!» ብላችሁ እንዳታጨበጭቡ። ለእናንተም አለኝ።

መውሊድ ያላከበረውን «ነቢዩን የማይወድ» የምትሉት በምን መለኪያ ነው? የነቢዩ ፍቅር የአባልነት መታወቂያ ነው እንዴ? ሌሊቱን በጫትና በመንዙማ አንግቶ ሱብሂን ተኝቶ ያሳለፈ ሰው፣ ቤቱ ተኝቶ ለሱብሂ ጀመዓ የደረሰውን በፍቅር ይበልጠዋል? አክብሮ የሚውል ሰው ቢያንስ ቀኑን የነቢዩን ታሪክ ይማርበት፤ ድሃ ያብላበት። ሱቁ ላይ የቆመው ልጅ «ቢድዓ ነው» ያለው ከእናንተ አንዳችሁም ሲራ ቁጭ አድርጋችሁ ስላላስተማራችሁት ጭምር ነው። ያስቀራሁት እኔ ስለሆንኩ ራሴንም እዚሁ ውስጥ እቆጥራለሁ።

ለሦስተኛው ወገን ደግሞ፦ በመውሊድ ላይ የማትጣሉት፣ በዒድ ግን ሰላት ሰግዳችሁ እስከ ዐስር የምትተኙት። አባቶቻችን የተሰለፉት ለዚህ እንቅልፍ አልነበረም። ዒድ ዛሬ በየስልካችን «ዒድ ሙባረክ» የሚል አንድ ሥዕል ለሁለት መቶ ሰው በአንድ ጊዜ መላክ ሆኗል። ከሁለት መቶው ውስጥ የስንቱን በር አንኳኳህ? የዘካተል ፊጥር አንዲት ሳዕ ከሰላት በፊት ድሃው ቤት ደረሰች? በሄድክበት መንገድ ሳይሆን በሌላ መመለስ ሱና መሆኑን ታውቃለህ፤ በሌላኛው መንገድ ያለውን ዘመድ እንድታይ ሰበብ ይሆንልሃል። ክርስቲያን ጎረቤትህስ? ሥጋችንን ባይበላም ቡናችንን ይጠጣል፤ ዳቦአችንን ይቆርሳል። ቤትህ ቡና ጠጥቶ የሄደ ጎረቤት «ምን በዓል ነው?» ብሎ በሱቅ አይጠይቅም፤ ካንተ አፍ ሰምቶታል።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1966ን ለልጆቻችሁና ለታናናሾቻችሁ ንገሩ። በየመድረሳው በዓመት አንድ ቀን፣ አንድ ሰዓት ይበቃል። በዚያ ሰልፍ ላይ የነበሩ አባቶች ዛሬ አርጅተዋል፤ አጠገባችሁ ካሉ ሄዳችሁ ጠይቋቸው፤ በስልካችሁ ቅዱላቸው። ለሥዕል የምታወጡትን ዳታ ለዚህ አውጡት።

ሁለተኛ፣ ያላችሁን መብት እወቁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በሕዝብ በዓል ቀን የሠራ ሠራተኛ ለእያንዳንዱ ሰዓት እጥፍ ይከፈለዋል። የመንግሥት ሠራተኛ አርብ ከ5:30 እስከ 7:30 የምሳ እረፍት አለው፤ ለጁሙዓ ይበቃል። ጁሙዓ እየተወ «ሥራ በዛብኝ» የሚል ወንድም ከአለቃው በፊት ራሱን ይጠይቅ። ፈተና በዒድ ቀን ከተመደበ አስቀድማችሁ፣ በጽሑፍ፣ በትህትና አመልክቱ። ፌስቡክ ላይ መሳደብ ማመልከቻ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ያን ዝርዝር የያዘውን መልእክት አታስተላልፉ። መውሊድን ባታከብሩት መብታችሁ ነው። ብትቃወሙትም በዕውቀትና በአደብ፣ በደርስ ላይ ተቃወሙ። ቀኑን ግን ተዉት። የእናንተ ብቻ አይደለም። ያንን ቀን ያመጡልን ሰዎች ለአንድ መድረሳ ብለው አልወጡም፤ «የሚኖሩ» ከሚለው ቃል ሊያወጡን ነው የወጡት።

ለተማሪዬም ይህን ላክሁለት። እስካሁን አልመለሰልኝም። ቀጣዩ መውሊድ ሲመጣ ሱቁን ቢከፍትም ግድ የለኝም። ጎረቤታችን ስኳር ሊገዙ መጥተው «ዛሬ ምን በዓል ነው ልጄ?» ሲሉት ግን ስልኩን አስቀምጦ «እትዬ፣ ነቢያችን የተወለዱበት ቀን ነው። እኔ ባላከብረውም የሚያከብሩ ወንድሞች አሉኝ። ካላንደር ላይ የገባው ደግሞ አባቶቻችን ጠይቀው ነው፤ የእናንተም ሰዎች አብረዋቸው ነበሩ» ቢላቸው ለእኔ በቂ ነው።

አላህ ልባችንን ያስተሳስርልን። ያሳሳትኩት ካለ ከእኔና ከሸይጣን ነው፤ ልክ የተናገርኩት ካለ ከአላህ ነው።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።